መሪጌታ በቀይ የጻፉት መስመር

ዳኛ ሆኜ የተሾምኩት በላስታ ደጋ ካሉት የወረዳ ፍርድ ቤቶች በአንዱ ነው። ሹመት ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ፍርድ ቤቱ አራት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሲጥል ጠበቃ ቢጮህ፣ ምስክር ቢምል አይሰማም፤ ችሎት ተቋርጦ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። በፍርድ ቤቶች መሰላል ላይ የታችኛው እርከን እኛ ነን። ከእኛ በላይ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፣ ከእሱ በላይ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከሁሉም በላይ አዲስ አበባ ያለው ሰበር ችሎት። ሰበር ችሎት አንድን ሕግ እንዲህ ማለት ነው ብሎ ከተረጎመ፣ ከታች ያለን ዳኞች ሁሉ ባይጥመንም እንገደዳለን።

እኔ አይጥመኝም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን የእንግሊዝን ፍርድ ቤቶች ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ደርድሮ፣ የታችኛው የላይኛውን እንዴት እንደሚከተል አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት አስተምሮናል። እዚያ አገር ብዙው ሕግ ከፍርድ የተወለደ ነው ይለን ነበር፤ አንድ ዳኛ ትናንት የወሰነው ዛሬ ለሌላው ሕግ ይሆናል። እኔ በደብተሬ ጠርዝ ላይ «ሽማግሌ ሽማግሌን ሲገለብጥ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ አጥብቆ ያስተማረን ግን ሌላ ነገር ነበር። ዳኛ በፍርዱ ውስጥ የተናገረው ሁሉ አይገዛም። የሚገዛው ፍርዱ የቆመበት ምክንያት ብቻ ነው፤ ሌላው በመንገድ የተጣለ ወሬ ነው፣ መልካም ወሬ ሊሆን ይችላል፣ ግን አያስገድድም። ፈተናው ላይ ሁለቱን አምታትቼ ጻፍኩና ውጤቴ የሚያሳፍር ሆነ። መምህሩ ክፉ ነው ብዬ ተውኩት።

ነገሩን ያስተማሩኝ የፍርድ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሥልሳ ዓመት ብዙም የማይርቁ ሰው ናቸው። ከላሊበላ ብዙም በማይርቅ ደብር ቆሎ ተማሪ ሆነው አድገው፣ ድጓ ዘልቀው፣ ብራና መጻፍም ተምረዋል። ወደ ፍርድ ቤት የገቡት በእጅ ጽሑፋቸው ነው፤ ያኔ ውሳኔ በእጅ ይገለበጥ ነበር። ኮምፒውተሩ መጥቶ ገልባጮቹ ሲበተኑ እሳቸው ቀሩ። ባለጉዳዩም ዳኛውም ዘበኛውም መሪጌታ ነው የሚላቸው፤ የመንግሥት ሥራ መጠሪያቸውን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሰበር ውሳኔዎች ታትመው በጥራዝ ይመጡልናል። ይመጣሉ ማለት፣ ይመጡና ይጠፋሉ። ዐቃቤ ሕጉ ይወስዳል፣ ጠበቃው «ለነገ እመልሳለሁ» ይላል፣ ነገ አትመጣም። ኢንተርኔት ላይ አሉ የሚል ሰው እኛ ዘንድ መጥቶ ኔትወርክ ይፈልግ። መሪጌታ ይኼ ሲያንገበግባቸው አንድ ትልቅ ባሕር መዝገብ ገዙና ለአገራችን ሰው የሚበጁትን፣ የመሬቱን፣ የውርሱን፣ የጋብቻውን ውሳኔ በእጃቸው ይገለብጡበት ጀመር። መዝገቡ እንደ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የቆዳ ማኅደር ተሰፍቶለታል። ከማኅደሩ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ቀለም ይታያል። ገጹ በጥቁር ሞልቶ፣ መሀል ላይ ሁለት ወይም ሦስት መስመር በቀይ።

መጀመሪያ ያየሁ ቀን «መሪጌታ፣ ይኼ ቀዩ ለጌጥ ነው?» አልኳቸው።

«የለም፣ ክብርት ዳኛ» አሉኝ። «ጥቁሩ የሚተርከው ነው። ማን ከሰሰ፣ ማን ተከሰሰ፣ ምን ተባለ። ቀዩ የሚያዝዘው ነው።»

መምህሬ በስንት ወር ያላስገባልኝን በአንድ ቀለም አስገቡልኝ። ብድግ ብዬ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። ሕግ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ እኔ ወድቄ የተነሣሁበትን ፈተና ግን በየገጹ ሲመልሱት ኖረዋል።

ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን። አንድ ቀን የእንግሊዞቹን ነገር አነሣሁላቸው። የታችኛው ዳኛ የላይኛው ተሳስቷል ብሎ ቢያምን እንኳ እንደሚከተለው፣ ነገር ግን ቅሬታውን በፍርዱ ላይ ጽፎ ወደ ላይ እንደሚልከው ነገርኳቸው። ይገረማሉ ብዬ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተገረሙም።

«ይኼማ የኛው ነው። አንድ መምህር በደብሬ እንዲህ ነው የሚዜመው ብሎ ቢሟገት፣ ድጓ የሚመሰከርበት ደብር አለ፤ እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። እዚያ የጸናው ጸና ነው። የኔ ዜማ ያምራል ብሎ የሚቀይር የለም።» ትንሽ አሰቡና «እነዚያ የእንግሊዞቹ የበላይ ቢሳሳትስ?» አሉ።

«ብዙ ዘመን የራሱን ውሳኔ እንኳ አይለውጥም ነበር» አልኳቸው። «ኋላ ግን ሲገባኝ እለውጣለሁ አለ።»

«ደግ አረገ። መቼም ቶሎ ቶሎ አይለውጥም?»

«በስንት ዘመን አንዴ።»

«እንዲያ ነው» አሉና ወደ መዝገባቸው ተመለሱ።

ጉዳዩ የመጣው የገብሱ አጨዳ ባለቀ ሰሞን ነው። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በላይ ካለ መንደር የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው እናት ናቸው የተከሰሱት። ጎረቤታቸው የነበሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ፣ ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ ነበሩ። እኒያ እናት ሽማግሌውን ዐሥራ አንድ ዓመት ጧሯቸው፤ አጠቧቸው፣ አበሏቸው፣ ቤተ ክርስቲያን እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ሽማግሌውም ሁለት ጥማድ መሬታቸውን ሰጧቸው። ስጦታው በጽሑፍ ነው፤ የንስሐ አባታቸውና ሦስት ሽማግሎች ፈርመውበታል። እኒያ እናት ወረቀቱን ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ወስደው አስገብተዋል፤ የገቢ ማኅተም አርፎበታል። ዛሬ ነገ እየተባለ ሳይመዘገብ ሽማግሌው አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ከከተማ መጣና መሬቱ የውርስ ነው ሲል ከሰሰ። እኒያ እናት ከዚያ መሬት ሌላ የላቸውም። ከተነጠቁ የሰው እርሻ ሊያርሙ መሄዳቸው ነው፣ በዚያ ዕድሜያቸው።

ልቤ ወደሳቸው እንዳደላ አልደብቅም። ግን ልብ ሕግ አይደለም ብዬ ራሴን አስተምሬያለሁ፤ በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር። መሪጌታን በስጦታ ላይ የተባለ ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። መጽሐፉን አመጡና ገጹን ገለጡልኝ። ቀዩ መስመር ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ያልተመዘገበ የገጠር መሬት ስጦታ አይጸናም ይላል። ከሥሩ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥቁር አለ። ጥቁሩን ከላይ ከላይ አየሁት። ተረክ ነው መቼም፣ የሌላ አገር ሰዎች ጠብ ነው አልኩ።

እንግሊዞቹ እንደሚያደርጉት ለማድረግ ቆረጥኩ። ውሳኔው ላይ፣ እኒህ ሴት የደከሙበትን ማጣታቸው እንደሚያሳዝነኝ፣ ነገር ግን ከበላዬ ያለው ችሎት የሰጠው ትርጉም እንደሚያስገድደኝ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ። አንድ ትልቅ የውጭ አገር ዳኛ የሆንኩ መሰለኝ።

በችሎት አነበብኩት። ይግባኝ ማለት ይችላሉ የሚለውንም እንደ ደንቡ አነበብኩ፣ ሁላችንም እንደምናነበው፣ በፍጥነት። እኒያ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ያክብርልኝ፣ እመቤቴ። ሰምተውኛል።»

ሌላ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። የውሳኔውን ግልባጭ ሳይጠይቁ ወጡ። ፍርድ ማለት እሳቸው ዘንድ ያለቀ ነገር ነው፤ ዳኛ ተናገረ፣ አለቀ።

አርባ ምናምን ቀን አለፈ። አንድ ጠዋት መሪጌታ መጽሐፉን በማኅደሩ እንዳለ አቅፈው ቢሮዬ ገቡ። አልተቀመጡም። ተቀመጡ ብል እንቢ አሉ።

«ክብርት ዳኛ፣ አጥፍቻለሁ።»

መዝገብ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር። ገጹን ገለጡና ከቀዩ መስመር አንድ ገጽ ዝቅ ብለው በጥቁሩ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። አነበብኩት። እዚያ የተከራከሩት ሰዎች ስጦታውን ለማንም ያላሳዩ፣ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ዝር ያላሉ ናቸው። ችሎቱ ስጦታውን የጣለው ሰዎቹ ለማስመዝገብ ምንም ስላላደረጉ ነው። ወረቀታቸውን አስገብተው ጽሕፈት ቤቱ ያዘገየባቸውን ሰዎች ነገርማ ችሎቱ ይኼ በፊታችን የለም ብሎ በግልጽ ትቶታል። ፍርዱ የቆመበት ምክንያት ያ ጥቁሩ ነው። ቀዩ የሐተታው መክፈቻ ብቻ ነበር።

«ብራና ስንጽፍ የየምዕራፉ መክፈቻ በቀይ ነው» አሉ መሪጌታ። «ሌላ ጊዜ ሁሉ አንብቤ፣ አብላልቼ ነበር ቀዩን የማነሣው። ይኼን በሑዳዴ ነው የገለበጥኩት፣ ከማሕሌት መልስ፣ ደክሞኝ። እጄ በልማዱ ሄደ።»

ጮህኩባቸው። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን ጮህኩ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ፊቴ ቆመው አንዲት ሴት መሬቷን አጣች፣ በእርስዎ ቀለም ነው ያጣች አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ ቀስ ብለው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«አንድ ቃል አልጎደለም ክብርት ዳኛ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ።»

እውነት ነው፣ አንድ ቃል አልጎደለም። ጥቁሩ ከፊቴ ነበር። መዝገብ ቤት ኃላፊ የቀለም ጥፋት ሊያጠፋ ይችላል፤ ማንበብ የዳኛ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚያ ነው። ፈተናው ላይ ያምታታሁትን ሁለት ነገር እንደገና አምታታሁት፤ አሁን የተቀነሰው ግን የኔ ነጥብ ሳይሆን የሰው መሬት ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተዪው ልጄ» አሉኝ። «ክብርት» ማለቱን ያኔ ረሱት።

ዳኛ አንዴ የፈረደውን ራሱ አያፈርስም። ባፈርሰው ደስ ባለኝ፣ ግን ያ በር ዝግ ነው፤ ዝግ መሆኑም ልክ ነው፤ አለዚያ የተሸነፈ ሁሉ በማግስቱ ደጄ ላይ ያድር ነበር። ያለው መንገድ ወደ ላይ ነው። ይግባኝ የሚቀርበው በስልሳ ቀን ውስጥ ነው። ቆጠርን፤ ዐሥራ ስድስት ቀን ቀርቷል። እኒያ እናት ደግሞ ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምተውም አልሰሙም። ሰው ልኬ፣ ተሳስቻለሁና ይግባኝ በሉ ልበላቸው? ለአንዱ ወገን የምትመክር ዳኛ ዳኛ አይደለችም። የወንድምየው ልጅም የራሱ መብት አለው፣ ባልወደውም።

መሪጌታ አንገታቸውን እንደ ደፉ «ግልባጩን አልወሰዱም» አሉ።

«ማን?»

«ሴትዮዋ። የውሳኔ ግልባጭ አልወሰዱም። ልጁ የዚያኑ ዕለት ወስዷል። ግልባጭ ማድረስ ደግሞ የኔ ሥራ ነው።»

ሥነ ሥርዓት ሕጉን አወጣሁና ያን ከሰዓት በኋላ ሙሉ አገላበጥኩ። ያልወሰደን ባለጉዳይ ግልባጭህ ተዘጋጅቷል ማለትን የሚከለክል አንድም ቁጥር አጣሁ። ያለምንም ምክር፣ ያለምንም ተጨማሪ ቃል ከሆነ ይድረሳቸው አልኳቸው። ፍርዱ ላይ የጠቀስኩትን የሰበር ውሳኔም ሙሉውን እንዲያያይዙ አዘዝኩ። ለልጁም እንዲሁ እንዲላክለት አደረግኩ፤ ሁለቱም እኩል ይያዙ ብዬ።

ሰው ይላካል ስል መሪጌታ ራሳቸው ሄዱ። ጫማቸውን አጥብቀው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ያን ሁሉ አቀበት በእግራቸው። መኪና መንገዱ እስከሚያልቅበት ይወስድዎታል ብላቸው «ያጠፋሁት በተቀመጥኩበት ነው፤ በእግሬ ልካሰው» አሉኝ።

ከመሄዳቸው በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አብረን ነበርን። ገጹ ከማሽኑ ሲወጣ አየሁት። ቀዩም ጥቁሩም አንድ ሆኗል፤ ሁሉም ጥቁር ነው። የቱ እንደሚያዝዝ፣ የቱ እንደሚተርክ ማንም ቀድሞ አልነገረህም፤ አንብበህ ራስህ ታገኛለህ። ወረቀቱን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ትንሽ ቆምኩ። መሪጌታም አዩት።

እኒያ እናት ግልባጩን ለደብሩ ቄስ አስነበቡት። ቄሱ ይግባኝ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ደግመው አነበቡላቸው። ይኼን የሰማሁት ኋላ ነው። እኒያ እናትም በጋሸና አድርገው፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው ወደ ዞን ወረዱ። ይግባኙ የተከፈተው ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ዳኛ መሻርን ይጠላል። የተሻረ ፍርድ በየስብሰባው ይነሣል፣ በሥራ ምዘና ላይ ይጻፋል፣ ባልደረባ ይቀልድበታል። እኔ ግን በየጠዋቱ ከዞን የመጣ መዝገብ አለ ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ተሽሬ እንደሆነ ለመስማት እንደዚያ የጓጓ ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ስለት እንኳ ነበረብኝ፤ ለማን እንደተሳልኩ አልናገርም።

መጣ። ሦስት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች ፈርመውበታል። የሥር ፍርድ ቤት የጠቀሰውን ትርጉም ከጭብጡ ለይቶ ሳያይ መወሰኑ ስሕተት ነው ይላል። ወረቀቱን ያስገባች ተከራካሪ መሥሪያ ቤቱ ባዘገየው ልትቀጣ አይገባም፤ መሬቱ የእርሷ ነው፤ የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሽሯል ይላል። ስሕተት የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። እንደዚያ ቀን በሙያዬ ኮርቼ አላውቅም። መሰላሉን የሠሩት ሰዎች፣ የኛዎቹም ሆኑ እነዚያ መምህሬ በጠመኔ የደረደራቸው፣ ታች ያለችው ዳኛ አንድ ቀን ጥቁሩን ሳታነብ እንደምትፈርድ ቀድመው ያውቁ ነበር ማለት ነው። አውቀው ከበላይዋ ሰው አስቀመጡ። ሽማግሌ ሽማግሌን ሲገለብጥ ያልኩት ይኼን ነው። ያን ደብተር ባገኘው ጠርዙን እቀደው ነበር።

መሪጌታ በመጽሐፋቸው ገለበጡት። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደ ሰበር አያስገድድም፣ ግን ይግባ አሉ። በግራው ገጽ የኔን ፍርድ፣ ያን የወደድኩትን አረፍተ ነገር ጨምሮ፣ ሙሉውን አስቀመጡት። በቀኙ የሻረውን። ቀዩን ብዕር አንሥተው ወደኔ ዘረጉልኝ፣ የቱን ላቅላ እንደማለት። መጀመሪያ ሁለቱንም ገጽ ላንብብ አልኳቸው፤ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ።

ለአፈጻጸም እኒያ እናት ተመልሰው የመጡት ወደኔው ችሎት ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ የነጠቀቻቸው ዳኛ ራሷ ትመልስላቸዋለች። የወንድምየው ልጅ ቆሟል፣ እሳቸው ቆመዋል። መሬቱን እንዲለቅ ትእዛዙን አነበብኩ፣ አሁን በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል። ልጁ ወጣ። እኒያ እናት ግን አልወጡም፤ ፊቴን ፊቴን ያዩኛል።

«የሚሉት ነገር አለ፣ እናቴ?» አልኳቸው።

ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ብለው፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ እንዳይሰሟቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በኔ ምክንያት እነዚያ ትልልቆቹ ተቆጡሽ፣ ልጄ?»

«ተቆጡኝ።»

«ውይ፣ በሞትኩት» አሉ። መሬታቸውን በቃሌ ነጥቄ ወራት ሙሉ ያስጨነቅኳቸው ሴት ናቸው። እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ አሻግረው እጄን ያዙኝ። «አብሽሪ። ሰው አይደለሽ? አብሽሪ።»